እናትን ይዞ ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም መሄድ፦ ለአንድ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ግሪን ካርድ አላት፣ ፓስፖርቷ ግን የኢትዮጵያ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ የደም ግፊት መድኃኒትም ትወስዳለች። የ2019ን ትንሣኤ ኢየሩሳሌም ለማክበር ስእለት አለባት። ከሥራ አሥር ቀን ፈቃድ አገኛለሁ። መቼ ብንገባ ይሻላል? ቀዳም ሥዑር ቅዱሱ ብርሃን ከጌታ መቃብር ሲወጣ እዚያ ድረስ ላስገባት እችላለሁ? ከምንስ እንጠንቀቅ?»

ምላሽ፦

ከቀኑ እንነሣ፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ይንጠለጠላል። የ2019 ዓ.ም. ትንሣኤ እሑድ ሚያዝያ 24 ነው፣ በአውሮፓውያን ሜይ 2 ቀን 2027። ሆሳዕና ሚያዝያ 17፣ ስቅለት ሚያዝያ 22 ይውላል። የምዕራባውያኑ ፋሲካ በዚያ ዓመት ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ ስለሚያልፍ የእነሱና የእኛ ሕዝብ አንድ ላይ አይጨናነቅም፤ ይህ መልካም ነው። የአይሁድ ፋሲካ ግን ረቡዕ ሚያዝያ 13 ማታ ገብቶ ረቡዕ ሚያዝያ 20 ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል። እንግዲህ የሰሙነ ሕማማት ግማሹ ከእሱ ጋር ይገጥማል። የመጨረሻው ቀን፣ ማለትም ከማክሰኞ ማታ እስከ ረቡዕ ማታ፣ እንደ ሰንበት የሚከበር በመሆኑ የእስራኤል አውቶቡስና ባቡር ይቆማል።

ብዙ ተሳላሚ ሳያስበው የሚቸገርበት ሌላም ነገር አለ። ስቅለት ዓርብ፣ ቀዳም ሥዑር ቅዳሜ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሻባት፣ ማለትም የአይሁድ ሰንበት፣ ይገባል። ስለዚህ በየትኛውም ዓመት ቢሄዱ፣ ከስቅለት ከሰዓት ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ምሽት ባቡሩም፣ የከተማው ቀላል ባቡርም፣ አብዛኛው የእስራኤል አውቶቡስም አይሠራም። በምዕራብ ኢየሩሳሌም አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል። በአሮጌዋ ከተማ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሰፈር ክፍት ነው፤ ከደማስቆ በር አካባቢ የሚነሡት የዐረብ አውቶቡሶችም ይሠራሉ። «ማረፊያችን ራቅ ይበል፣ በአውቶቡስ እንመላለሳለን» ብሎ ርካሽ ሆቴል የያዘ ሰው በዓመቱ ትልቅ ሁለት ቀን ወይ ታክሲ ሲለምን ይውላል ወይ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ከሁሉ አስቀድመው የሚገዙላቸው ነገር ቅርበት ነው። ዋጋው ቢጨምርም በአሮጌዋ ከተማ ቅጥር ውስጥ ወይም ከቅጥሩ ጥቂት ደቂቃ በሚያስኬድ ቦታ ያሳርፏቸው። ሁለተኛው ጥሩ ሰፈር የኢትዮጵያ ጎዳናና የነቢያት ጎዳና አካባቢ ነው፤ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳማችን እዚያ ነው። ከዚያ ደማስቆ በር በእግር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የእርስዎ አሥር ቀን የሥራ ቀን ከሆነ በደንብ ይበቃል። ሐሙስ ሚያዝያ 14 ከአሜሪካ ተነሥታችሁ ዓርብ ሚያዝያ 15 ጠዋት ድረሱ፤ ማክሰኞ ሚያዝያ 26 ተመለሱ። ዓርብ ጠዋት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከቤን ጉርዮን አየር ማረፊያ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣው ፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ ዓርብ ከሰዓት ግን የለም። አውሮፕላናችሁ የሚያርፈው ከቀትር በኋላ ከሆነ መኪና ከወዲሁ ይነጋገሩ። ቅዳሜን ለዕረፍት ይተዉት፤ ከሜሪላንድ ጋር የሰባት ሰዓት ልዩነት ስላለ እናትዎ በሆሳዕና ዋዜማ እንቅልፋቸውን ካልተኙ ሳምንቱን ሙሉ አይነሡም።

አሁን ወደ ቪዛው። ለእርስዎ ቀላል ነው። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኢቲኤ-አይኤል የሚባለውን የመግቢያ ፈቃድ በኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ክፍያው 25 ሸቀል ነው፣ ቢያንስ ከጉዞው 72 ሰዓት በፊት ይሞላል። የመንግሥቱን ገጽ አስመስለው ብዙ እጥፍ የሚያስከፍሉ ገጾች ስላሉ ዋጋው ከ25 ሸቀል በጣም በልጦ ካዩ ወጥተው ትክክለኛውን ይፈልጉ።

የእናትዎ ጉዳይ ሌላ ነው። ግሪን ካርድ እስራኤል አያስገባም፤ የሚታየው ፓስፖርቱ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው አስቀድሞ ከእስራኤል ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቢ-2 የተባለውን የጎብኚ ቪዛ ማግኘት አለበት። ፓስፖርታቸው ከጉዞው በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን፤ የሚያልቅ ከሆነ አሁኑኑ ያሳድሱ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚበላው ይህ ነው። ግሪን ካርዳቸውን፣ የመመለሻ ትኬቱን፣ የማረፊያውን ማረጋገጫ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫና ወጪያቸውን እርስዎ እንደሚሸፍኑ የሚገልጽ ደብዳቤ አብራችሁ አዘጋጁ፤ ከአጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚ መሆናቸውን የሚያስረዳ ደብዳቤ ቢጨመርም ይረዳል። ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አይግዙ። የአካባቢው ሁኔታ በአጭር ጊዜ ሊለዋወጥ ስለሚችልም ቀን የሚያስቀይርና የሚያስሰርዝ ትኬት ቢወደድም ይሻላል። እንዲሁም ቪዛው ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ደብረ ሲናን ልሳለም ብለው ወደ ግብፅ ወጥተው መመለስ አይችሉም። ቤተልሔምና ኢያሪኮ ደርሶ መምጣት ግን እንደ መውጣት አይቆጠርም። ሲገቡ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም በመምታት ፈንታ ትንሽ ወረቀት ይሰጣሉ፤ ያችን ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር ይያዙ፣ ፍተሻ ላይ ትጠየቃለች።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ቀዳም ሥዑር እናትዎን ወደ ውስጥ ለማስገባት ባይሞክሩ ነው የምመክረው። ይህን የምለው በረከቱን አቃልዬ ሳይሆን የዕለቱን አካሄድ ስለማውቀው ነው። ፖሊስ ገና ከማለዳ በአሮጌዋ ከተማ በሮችና ወደ ጎልጎታ በሚወስዱት መንገዶች ላይ አጥር ይዘረጋል። በአውሮፓውያን 2023 ወደ ውስጥ እንዲገባ የተፈቀደው ከነፖሊሱ 1,800 ሰው ብቻ ነበር፤ መግቢያውም በየማኅበረ ክርስቲያኑ የሚከፋፈል ነው። ለመግባት ዕድል ያገኘ ሰው እንኳ ከጠዋት ጀምሮ ለሰዓታት ቆሞ ይጠብቃል። መቀመጫ የለም፣ መጸዳጃ ቤት መውጣት ማለት ቦታን ማጣት ነው። መቃብሩ በጠዋት ይፈተሻል፣ ይታሸጋል፤ የግሪኩ ፓትርያርክ የሚገቡት ከቀትር በኋላ ነው። ብርሃኑ ሲወጣ ደግሞ በዚያ ጥበት ውስጥ ሺህ ጧፍ በአንዴ ይበራል፤ ጭስ አለ፣ መገፋፋት አለ። ለ71 ዓመት ጉልበትና ለደም ግፊት ይህ አደጋ ነው።

ብርሃኑ ግን ለእናትዎ ይደርሳል፤ እሱን አይጠራጠሩ። ከመቃብሩ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ከጧፍ ወደ ጧፍ እየተቀጣጠለ ግቢውን፣ ገበያውን፣ ጣሪያው ላይ ያለውን ገዳማችንን ዴር ሡልጣንን ይሞላል። የእኛም ትልቁ ሥርዓት ያለው በዚያው ምሽት ዴር ሡልጣን ላይ ነው። በግቢው ድንኳን ይተከላል፣ ካህናቱ በከበሮና በጽናጽል እየዘመሩ በጃንጥላ ታጅበው ከታች ያለውን የቅድስት ዕሌኒን ቤተ ክርስቲያን ብርሃን የሚያስገባውን ጉልላት ይዞራሉ፤ የጌታን ሥጋ በመቃብር ፈልጎ የማጣትና የትንሣኤውን ብሥራት የመስማት ሥርዓት ነው። እናትዎ በሚያውቁት ዜማ፣ በገዛ ሕዝባቸው መካከል፣ ተቀምጠው የሚከታተሉት ይህ ነው። ከቀትር በፊት አጥሩ ሳይጠብቅ ወደ አሮጌዋ ከተማ ገብታችሁ ማረፊያችሁ እዚያው ከሆነ ምሽቱን ሳትቸገሩ ትደርሳላችሁ። ማረፊያችሁ ከቅጥሩ ውጭ ከሆነና ግፊያው ካስፈራ ደብረ ገነት ይቆዩ፤ ግቢው ሰፊ ነው፣ ዛፍ አለው፣ የትንሣኤው ሌሊት ቅዳሴም አይቀርባቸውም።

ጧፉን በተመለከተ፣ በገበያው 33 ቀጫጭን ጧፍ በአንድ ታስሮ ይሸጣል፤ ቁጥሩ ጌታ በምድር ለተመላለሰባቸው ዓመታት ነው። ከቅዳሜ በፊት ግዙት። ሲበራ ነበልባሉ ትልቅ ስለሚሆን ነጠላቸውን ከኋላ አስረው፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አስገብተው ይያዙ፤ ተንጠልጥሎ የቀረ የነጠላ ጥለት በቀላሉ እሳት ይይዛል። ከተባረከ በኋላ አጥፍተው ያስቀምጡት። የበራ እሳት ተራ መንገደኛ አውሮፕላን ላይ ይዞ አይወጣም፤ የጠፋውን እስር ግን በሻንጣ ማምጣት ይቻላል።

ቅዱስ መቃብሩን ራሱን በሌላ ቀን ይሳለሙት፤ ለዚህ ሰኞ ሚያዝያ 18ን እመርጣለሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ጎህ ሳይቀድ ይከፈታል። ማለዳ በመቃብሩ ላይ የየማኅበሩ ቅዳሴ ስለሚኖር ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ቢሆንም ቀን ከሚሰለፈው ሕዝብ ጋር አይወዳደርም። አስጎብኚዎች ቡድኖቻቸውን ይዘው ከመጡ በኋላ ሰልፉ ለሰዓታት ይረዝማል። ሌላው ጸጥ የሚለው ሰዓት ከመዘጋቱ በፊት ያለው የምሽት ሰዓት ነው። ወደ ውስጠኛው ክፍል የሚያስገባው በር ዝቅ ያለ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከሦስትና ከአራት ሰው በላይ አይይዝም፣ ዘብ የቆመውም መነኩሴ ቶሎ ያስወጣል። እናትዎ ረጅም ጸሎት ካላቸው በውጭ ይጨርሱት፤ ውስጥ ሲገቡ ተሳልመው፣ የሚያስጠሩትን ስም አንሥተው ይውጡ። ወደ ጎልጎታ የሚያወጣው ደረጃ ቀጥ ያለና የተለሰለሰ ድንጋይ ነው። እርስዎ ሲወጡ ከኋላቸው፣ ሲወርዱ ከፊታቸው ይሁኑ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በሚያዝያ እስራኤል የበጋ ሰዓት ላይ ናት፣ ሰዓቱም ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው። የቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ግን በማኅበራቱ መካከል በጸናው የቀድሞ ስምምነት መሠረት ዓመቱን ሙሉ በክረምቱ ሰዓት ይመራል። የተጻፈው መርሐ ግብር «7 ሰዓት» ካለ በእጅዎ ሰዓት 8 ሊሆን ይችላል። በላዩ ላይ መነኮሳቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰዓት ይነግሩዎታል፤ ስለዚህ ሰዓት ሲጠይቁ «በየትኛው?» ብለው ደግመው ይጠይቁ። ሥርዓት የሚያመልጣቸው አብዛኞቹ ሰዎች በዚህ ነው።

ዴር ሡልጣን ለመውጣት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከመቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወደ ፊት ለፊቱ ሲመለከቱ በቀኝ ካለችው ትንሽ በር ገብቶ በቅዱስ ሚካኤልና በአርባዕቱ እንስሳ ጸሎት ቤቶች በኩል ነው፤ ደረጃው ጠባብና ጨለም ያለ ነው። ሌላው ከኻን አል-ዘይት ገበያ የሚወጣው ሰፊ ደረጃ ነው፤ ረዘም ቢልም መሃል ላይ ቆሞ ማረፍ ስለሚቻል ለእናትዎ ይኼኛውን ይምረጡ። ገዳሙ ላይ ስለ ባለቤትነት ከግብፃውያን ጋር ያለው ክርክር ገና አልተዘጋም። የጸሎት ቤቶቹ ቁልፍ በእኛ መነኮሳት እጅ የገባው በአውሮፓውያን 1970 ትንሣኤ ነው፤ በአውሮፓውያን 2002 አንድ ወንበር ወደ ጥላ በመወሰዱ ብቻ ሰዎች ሆስፒታል እስኪገቡ ጠብ ተነሥቷል። ስለዚህ ወንበር ከቦታው አያንሡ፣ ምንጣፍ አያንጥፉ፣ ሰንደቅ ዓላማ አይስቀሉ፤ እናትዎ የሚቀመጡበትን ተጣጣፊ በርጩማ ይዘው ይሂዱና የት እንደሚያኖሩት መነኮሳቱን ይጠይቁ። በዚያ ጣሪያ ላይ በድህነትና በብርድ ጸንተው የኖሩት አባቶች ለእኛ ቦታ ያቆዩት በብዙ ትዕግሥት ነው፤ የአንድ ተሳላሚ ግብታዊነት የእነሱን ድካም እንዳያበላሽ መጠንቀቅ ግዴታችን ነው።

ሌሎቹን ቅዱሳት መካናት በዚህ ቅደም ተከተል ብትሄዱ ይመቻል። ማክሰኞ ሚያዝያ 19 ቤተልሔም፤ አሥር ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያን ማታ የአይሁድ በዓል ስለሚገባ ጠዋት ሄዳችሁ ከቀትር በኋላ ተመለሱ፤ መንገዱ ክፍት መሆኑንም በዚያው ጠዋት አረጋግጡ። የልደት ቤተ ክርስቲያን በር ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ስለሆነ ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት፤ ወደ ዋሻው የሚወርደውም ደረጃ ገደላማ ነው። ረቡዕ ጌቴሴማኒንና ደብረ ዘይትን በታክሲ አድርጉ። ታክሲው ከላይ ደብረ ዘይት ጫፍ ላይ ያውርዳችሁ፣ ከዚያ የተሻለው እንደገና በመኪና ወደ ታች መውረድ ነው፤ በእግር የሚወረደው ቁልቁለት ጉልበትን ይጨርሳል። የእመቤታችን መቃብር 47 ሰፋፊ ደረጃዎች ወደ ታች አሉት፤ መውረዱ ሳይሆን መውጣቱ ነው የሚከብደው፣ ስለዚህ ከመውረዳቸው በፊት ይንገሯቸውና ራሳቸው ይወስኑ። ቀትር ላይ ስለሚዘጋ በጠዋት ይድረሱ።

ሐሙስና ዓርብን ለጸሎት ብቻ ይተዉ። ሐሙስ ሕጽበተ እግር አለ። የስቅለት ስግደት ላይ እናትዎ በጉልበት መስገድ ካልቻሉ ቆመው ወይም ተቀምጠው ይጸልዩ፤ ይህን ከጉዞው በፊት ከንስሐ አባታቸው ጋር ይጨርሱት። አክፍሎቱንም እንደዚሁ። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከዓርብ እስከ እሑድ ያለ ውኃ ቢቆይና በዚያ ሕዝብ ውስጥ ቢቆም ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ለሐኪማቸው የጾሙን ሰዓት በግልጽ ይንገሩ፣ የሚሰጠውን ምክር ደግሞ ለንስሐ አባታቸው ያድርሱ፤ ሁለቱ ሳይተዋወቁ የሚሰጡት ምክር እናትዎን መሃል ላይ ያስጨንቃል። መድኃኒቱን በእጅ ሻንጣ፣ በራሱ ብልቃጥ፣ ከሚያስፈልገው ሳምንት አስበልጣችሁ ያዙ። ሊቆርቡ ካሰቡም ከንስሐ አባታቸው ደብዳቤ ይያዙ፣ የሚቀድሱትን አባቶች ቀደም ብላችሁ አነጋግሩ።

የጾም ምግብ አያስቸግርም፤ ፉል፣ ሑሙስ፣ ፈላፍል በአሮጌዋ ከተማ በየመንገዱ አለ። እስከ ሚያዝያ 20 ድረስ በአይሁድ ሱቆች እርሾ ያለው ዳቦ ስለማይሸጥ ዳቦ ከዐረቦቹ ጋጋሪዎች ይገዛል። የዓርብና የቅዳሜ ስንቅ፣ በተለይም ውኃ፣ ሐሙስ ማታ ክፍላችሁ ውስጥ ይሁን።

ዮርዳኖስን ለሰኞ ሚያዝያ 25 አቆዩት። ጌታ በተጠመቀበት በቃስር አል-ያሁድ መግቢያው ነጻ ነው፤ ልብስ መቀየሪያና የእጅ መደገፊያ ያለው ደረጃ አለ። ቦታው ከባሕር ወለል በታች 390 ሜትር ገደማ ስለሆነ ኢየሩሳሌም ላይ ብርዱ ልብስ ያስደረበው ሰው እዚያ በሙቀት ይዝላል፤ ከረፋዱ በፊት መድረስ ነው። ውኃው ድፍርስ ነው፣ ንጹሕ ስላልሆነ አይጠጣ፤ ለጠበል የሚወስዱትንም ለመርጨት ብቻ ያድርጉት። በደንብ በሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ፣ በከረጢት ጠቅልለው፣ በሚጫነው ሻንጣ ይክተቱት። አካባቢው ለረጅም ዘመን በፈንጂ የታጠረ ስለነበር ከአጥሩና ከተጠረገው መንገድ አንድ እርምጃ አይውጡ። ኢያሪኮ ቅርብ ናት፣ የእኛም ገዳም አለባት። ከእስራኤል ኩባንያ የተከራዩት መኪና ኢንሹራንስ ግን ቤተልሔምና ኢያሪኮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ ከምሥራቅ ኢየሩሳሌም መኪናውን ከነሾፌሩ መያዝ ይሻላል።

ናዝሬት፣ ቃና ዘገሊላ፣ የጥብርያዶስ ባሕርና ደብረ ታቦር በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገቡም። ከኢየሩሳሌም በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል ብለው የሚያባብሉ አሉ፤ ለወጣት ይሆናል፣ ለእናትዎ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መዋል ነው። ሁለት ቀን ማስፈቀድ ከቻሉ ከትንሣኤ በኋላ ይጨምሩትና አንድ ሌሊት ናዝሬት ይደሩ። ካልቻሉ ይቅር።

ጫማን በተመለከተ፣ የአሮጌዋ ከተማ ድንጋይ በዘመናት እግር ተወልውሎ የሚያንሸራትት ነው፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይብሳል። ሶሉ ጎማ የሆነና ቢያንስ ለአንድ ወር የተለማመዱትን ጫማ ያድርጉ። መቋሚያቸውን ወይም ታችኛው ጫፉ ጎማ ያለው ምርኩዝ ይያዙ። ዊልቸር ለአየር ማረፊያው ትኬት ሲቆርጡ ይጠይቁ፤ በከተማዋ ደረጃዎች ላይ ግን እምብዛም አይጠቅምም። የቪዛውን ማመልከቻ ከጥር አያሳልፉ፤ ማረፊያውን ደግሞ ዛሬም ቢሆን፣ መሰረዝ በሚቻልበት ውል፣ ይያዙ።